ቀርከሃው አልበደለም

ውድ ቡዋፋን፣

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ዋጋውን መጨረሻ ላይ የሚናገር ሻጭ አልወድም። ልጅሽ ሞን ዳግመኛ ታማ ነበር፣ አሁን እያገገመች ነው። እኔ ደግሞ የሰጠሁሽን ቃል አፍርሼ ለእማዬ ሁሉን ነገርኳት። ከመናደድሽ በፊት እስከ ታች አንብቢው፤ ከዚያ ያሻሽን በይኝ።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። አንቺ ከሽሪምፕ ፋብሪካው ደጅ ቆመሽ "ልጄ ደህና ናት?" ትያለሽ። እኔ "ደህና ናት" እላለሁ። ሁለታችንም ቶሎ እንዘጋለን። በየቀኑ ማስታወሻ የመጻፍ ልማዴን ታውቂዋለሽ፤ ዝናቡን፣ የጨውን ዋጋ፣ ማን ከማን እንደተጣላ እጽፋለሁ። ይሄኛው ግን እዚያ አልገባ አለኝ። ለራሴ ብጽፈው ምን ይጠቅማል? ዛሬ የጾም ቀን ስለሆነ ገበያ አልወጣሁም። ተቀምጬ ላንቺ ልጻፈው።

ባለፈው ዓመት ዝናቡ ሲገባ ሞን ፊቷ ላይ ሽፍታ ወጣባት ብዬሽ ነበር። ትንሽ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ክንዶቿን ሞልቶት ነበር። እያንዳንዱ እብጠት መሐሉ ጎድጎድ ያለ፣ እንደ እምብርት። ትኩሳቱ አልወርድ አለ፤ ሆዷ ተነፋ፣ እግሮቿ ግን እንደ እንጨት ቀጠኑ። ሆስፒታል ስወስዳት የልጆች ክፍሏ ነርስ፣ ሲስተር ራቻኒ፣ ወደ ኮሪደሩ አውጥታ አስረዳችኝ።

"ሻጋታ ነው፣ እትዬ ሴንግላ። በእኛ በተራራው አገር አፈር ውስጥ የሚኖር፣ ዝናብ ሲመጣ የሚበረታ ፈንገስ ነው። እኔም እርስዎም በየቀኑ እንተነፍሰዋለን፤ ምንም አያደርገንም። የሞንን ደም ግን ኤች አይ ቪ አድክሞታል። በሩ ላይ ጠባቂ የለም፤ ዘው ብሎ ገባ።"

ሻጋታ ስትለኝ ገባኝ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ኮምጣጣ የቀርከሃ ቡቃያ የምሸጥ ሴት ነኝ። ሻጋታ ከገንቦ አፍ ላይ እንዴት እንደሚጀምር፣ ዛሬ ነጭ ነጥብ ሆኖ ነገ እንዴት ሁሉን እንደሚያለብስ ከኔ ወዲያ ማን ያውቃል? ግን ገንቦ ይገለበጣል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ልጅ እንዲህ አትደረግም።

መድኃኒቱን በደም ሥሯ በጠብታ ሰጧት። ያ መድኃኒት ያንቀጠቅጣል። አቅፌ ይዣት ሳለ፣ "አክስቴ፣ የሚንቀጠቀጠው አልጋው ነው ወይስ እኔ?" አለችኝ።

"አልጋው ነው" አልኳት።

"እንግዲያው ብርድ ልብሱን ለአልጋው አልብሱት።"

አየሽ፣ ያንቺ ምላስ ነው። ካንቺ ሌላ ከማን ታመጣዋለች?

ዳነች። ጠብታው ሲያበቃ በየቀኑ የምትውጠው እንክብል ሰጡንና ወደ እማዬ ቤት መለስኳት። ኤች አይ ቪውን የሚያስታግሰው መድኃኒትም አብሮ አለ። ለእማዬ እንክብሉ "ለቆዳዋ"፣ ሌላው "ለደሟ ማበርቻ" ነው ብያት ነበር። በዘመን መለወጫው የውሃ በዓል ፎቶ የላኩልሽ ጊዜ ፊቷ እንደ ዕንቁላል ጠርቶ ነበር። ያ ውሸት አልነበረም።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲመለስ እሱም ተመለሰ። ትምህርት ቤት "ጊሽጣ" ብለው ጠሯት፤ ፊቷ እንደ ጊሽጣ ልጣጭ ነው ማለታቸው ነው። ሞን አንዱን በምሳ ዕቃዋ ግንባሩን አለችው። አስተማሪዋ አስጠርታ ስሞታ ስትነግረኝ የተቆጣሁ መሰልኩ። ውጭ ስንወጣ ምሳ ዕቃው እንዳልተሰረጎደ አየሁና አንድ ሙዝ ገዛሁላት።

ሲስተር ራቻኒ ክንዷን አገላብጣ አየች። "መድኃኒቱን እየወሰደች ከሆነ መመለስ አልነበረበትም" አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ጥርጣሬ ነበር።

"እናቴ አንድ ቀን አትዘልም። መነኩሴ ጸሎቱን ይዘላል፣ እሷ ግን አትዘልም" አልኳት።

"እንግዲያው ሆዷ አልተቀበለውም ማለት ነው። እንዴት ነው የሚሰጧት? ከምግብ በፊት ነው በኋላ? ከምን ጋር?"

አላወቅሁም። ከሩቅ አገር ሩዝ ለሚያመጣ ነጋዴ መቶ ጥያቄ የምጠይቅ ሴት፣ ይህን ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

"ሄደው ይዩ" አለችኝ። "አይጠይቁ፤ ይዩ። ሰው ሲጠየቅ የሚመልሰው ጥሩ የመሰለውን ነው።"

በማግስቱ ገበያውን ለቡንሶም አደራ ሰጥቼ መንደር ሄድኩ። ቡንሶምን ታስታውሻታለሽ፣ አጠገቤ የአሳማ ቆዳ ጠብሳ የምትሸጠዋን። ከእማዬ ቤት ቁጭ ብዬ ጠዋቱን በሙሉ አየሁ። እማዬ ሞንን ቀሰቀሰቻት። ፊቷን አጠበቻት። ብርቱ መድኃኒት በባዶ ሆድ ነው የሚሠራው ብላ እንክብሉን እህል ሳይቀድመው አስዋጠቻት። ሆዷን እንዳያቃጥላት ደግሞ ከመንደሩ ሱቅ የገዛችውን ያንን ነጭ የጨጓራ ሽሮፕ በማንኪያ አጠጣቻት። ከዚያ ቆይቶ ሩዝ በጨው፣ የተጠበሰ ደረቅ ዓሣ። ቲማቲም የለም፣ ሎሚ የለም፣ አንድ ጠብታ ኮምጣጣ የለም። ሞን እያላመጠች ግቢው ውስጥ ጎምዛዛ ፍሬውን ያንጠለጠለውን የሮቃ ዛፍ ታያለች።

"ለምን አትለቅሚም?" አልኳት።

"እባብ አለበት፤ አያቴ ናት ያለችኝ" አለች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ሌሎቹን ልጆች ግን አይነድፋቸውም" አለችኝ።

ያየሁትን ለሲስተር ራቻኒ ስነግራት መዳፏን ግንባሯ ላይ አሳረፈች። ያ እንክብል ሆድ በምግብ ሲሞላና ጎምዛዛ ሲሆን ነው የሚሟሟው፤ ነጩ ሽሮፕ ደግሞ ጎምዛዛውን ያጠፋዋል። መድኃኒቱ እንደ መንገደኛ በአንድ በር ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር። "ከዛሬ ጀምሮ በልታ ትውሰድ፣ ሽሮፑ ይቅር። ኮምጣጣ አይጎዳትም፤ እንዲያውም ያግዛታል። አሁን ጠብታውን እንደገና እንጀምራለን። እትዬ ሴንግላ፣ ከዚህ ወጥታ ለሦስተኛ ጊዜ ከያዛት ግን ሰውነቷ መቻሉን እንጃ።" ከዚያ ጠየቀችኝ፤ "አያትየዋ ግን ኮምጣጣ ምን አድርጓቸው ነው?"

ቡዋፋን፣ ምን እንዳደረጋት እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቀው።

ያቺን ቀን አስታውሻት። ባልሽ ሱቲን ከሞተ በኋላ ነው፤ ሞን ገና ትድህ ነበር። የደም ምርመራሽን ውጤት የነገሩሽ ዕለት ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ "ለእማዬ እንዳትነግሪ" ብለሽ አስማልሽኝ። ማልኩ። እየከሳሽ ስትሄጂ፣ አፍሽ ሲቆስል፣ እማዬ አንድ ቀን እሳቱ ዳር አስቀምጣ አፈጠጠችብሽ። "ወርሽን ሰብረሻል። ምንድነው የበላሽው?"

ለእኛ ሴቶች ይህ ትልቅ ነገር ነው። አራስ ወሩን ሙሉ እሳት ዳር ትቀመጣለች፤ የቦካና የኮመጠጠ አትቀምስም፣ ሽታው እንኳ አይደርሳትም። ከቀመሰች ወሯን ሰበረች ይባላል፤ በሽታው ዕድሜ ልክ ይከተላታል። አንቺ ቀና ብለሽ እኔን አየሽኝ። ዓይንሽን አልረሳውም። እኔም ገበያ ላይ ሸማች ሊሄድ ሲል ዋጋ እንደምጥለው፣ ሳላስብ ጣልኩት። "እኔ ነኝ። ኮምጣጣ ቀርከሃ ሰጥቻታለሁ።"

አልሰጠሁሽም። አንድ ቁራጭ አልሰጠሁሽም። በአራስነትሽ ወር ሽታው እንዳይነካሽ ልብሴን ደጅ ቀይሬ ነበር የምገባው።

ያኔ ርካሽ መስሎኝ ነበር። አንቺ ተርፈሽ ሽሪምፕ ፋብሪካው ወዳለበት ወደ ማሃቻይ ሄድሽ፣ ሥራ ገባሽ፣ መድኃኒትሽን ጀመርሽ። እማዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእኔ ገንቦ አልበላችም። ገበያ ስትወጣ በእኔ ተራ አታልፍም፤ በዓሣ ተራ ዞራ ነው የምትሄደው። ቡንሶም ሁልጊዜ ትስቅብኛለች። "እናትሽ ዛሬም በዓሣ ተራ ዞሩ። ምን አድርገሻቸው ነው እቴ? ወንድ ቀምተሻቸው ነው?" እኔም "አዎ፣ ያውም ቆንጆውን" እላታለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህችኑ ቀልድ።

እማዬ ሞኝ አይደለችም። ከሰጠናት ውሸት ተነስታ በቀጥታ ነው የተጓዘችው። ኮምጣጣ የእናትየዋን ደም አበላሸ፤ ደሙ በጡት ወደ ልጅቷ አለፈ፤ ስለዚህ ኮምጣጣ ለልጅቷ መርዝ ነው። ምኑ ላይ ተሳሳተች? ከእሷ የተሻለ አስታማሚ የለም። ልጅቷን የጎዳት ያ ታማኝነቷ ነው፤ ያበላሸነው ደግሞ እኛ።

ሞን ጠብታ ላይ ሳለች እማዬን ለማሳመን ሄድኩ። መጀመሪያ እንደ ነጋዴ ሞከርኩ። ሮቃው ሥር ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

"እማዬ፣ ገንቦ የሚሻግተው መቼ ነው?"

"እኔን ስለ ገንቦ ትጠይቂኛለሽ? ሻጯ አንቺ።"

"ኮምጣጣው ሲያንስ ነው። በደንብ የኮመጠጠ ገንቦ ሻጋታ አይገባውም። ሐኪሞቹም ሞን ኮምጣጣ ትብላ እያሉ ነው።" ሲስተር ራቻኒ ያለችው በትክክል ይህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የሚሸጥ ነገር መስሎኝ ነበር።

እማዬ ቢላውን አስቀመጠች። "በዚህ ምላስሽ አንዷን ልጄን ጨረስሽ። የእህትሽን ደም አኮመጠጥሽ፣ አሁን ደግሞ የልጇን? እህልሽን እዚያው ገበያሽ ሽጪ።"

"እሺ፣ ሽሮፑን ብቻ ተዪላት። ከምግብ በኋላ ስጫት።"

"ሆዷን ሲያቃጥላት አንቺ ነሽ የምትታቀፊያት?"

"እንግዲያው እኔ ጋ ትኑር።"

"እኔ ቆሜ? እዚያ የቀርከሃ ሽታ ውስጥ? አይሞከርም!"

ሌላ ውሸት ማዘጋጀት እችል ነበር። የሎሚ ጭማቂ በመድኃኒት ጠርሙስ ሞልቼ "ከሆስፒታል ነው" ብላት ትሰጣት ነበር። ወደ ከተማ ስመለስ መኪናው ላይ ተቀምጬ ጠርሙሱን እንኳ በሐሳቤ መረጥኩት። ከዚያ ደከመኝ። የምልሽ ድካም ገንቦ ተሸክሜ የሚሰማኝ ዓይነት አይደለም። ያንን ጠርሙስ ስሞላ፣ ሲያልቅብኝ፣ አንድ ቀን ሳልሞላው ስቀር፣ ሁሉም ታየኝ። የልጅቷን ሕይወት እኔ በማስታውሰው ውሸት ላይ ማንጠልጠል አልቻልኩም። ላስፈቅድሽ ስልኩን አነሳሁ፤ አንቺም ሥራ ላይ ነበርሽ፣ አላነሳሽም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ባለማንሳትሽ ደስ አለኝ።

ሞን ከሆስፒታል ልትወጣ ዋዜማ ተመለስኩ። እማዬ ዛሬም ነጭ ሽንኩርት ትልጥ ነበር፤ ስታየኝ ፊቷን አዞረች። ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

"እማዬ፣ ቡዋፋን ወሯን አልሰበረችም። ቀርከሃ አልሰጠኋትም። የያዛት ኤች አይ ቪ ነው። ከሱቲን ነው። ሞንም አለባት። እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነው።"

ስለ በሽታው ያልሰማች እንዳይመስልሽ። እዚያ መንደር ስንቱን ቀብራለች። ግን እስከዚያች ቀን የሌላ ሰው ቤት በሽታ ነበር። እጇ ነጭ ሽንኩርቱ ላይ ቆመ። ዶሮዎቹ ጠጋ ብለው ልጣጩን ሲለቅሙ እንኳ አላባረረችም።

"ቀርከሃውስ?" አለች በመጨረሻ።

"ምንም አላደረገም።"

"አንቺስ?"

"እኔም።"

"ስምንት ዓመት ካንቺ ገንቦ አልበላሁም።"

"አውቃለሁ።"

"በመንገድ ሳገኝሽ ፊቴን አዞርኩብሽ።"

"እሱንም አውቃለሁ፣ እማዬ።"

"ደነዝ!" አለችኝ። "ነጋዴ ነኝ ትላለች ደግሞ! እንዲህ ያለ ኪሳራ ተሸክሞ ዝም የሚል ነጋዴ የት አገር ነው ያለው?"

ከዚያ ስላንቺ ጠየቀችኝ። ትሞታለች ወይ አለች። መድኃኒቷን እስከወሰደች አትሞትም፣ ትሠራለች፣ እንዲያውም ወፍራለች አልኳት። ልጣጩን ከቀሚሷ አራገፈችና በቀጭን ድምፅ ጠየቀች። "ለምን አልነገረችኝም?"

"ፈርታ።"

"ማንን?"

 መልሴን ሳትጠብቅ ተነስታ ወደ ቤት ገባች። ነጩን ሽሮፕ ይዛ ስትወጣ ልትደፋው መስሎኝ ነበር። ክዳኑን ከፍታ በማንኪያ ለራሷ ቀዳች። "ተገዝቷል፣ አይደፋም። የዛሬ ወሬሽ የእኔን ሆድ ነው ያቃጠለው" አለችኝ።

ሞን በማግስቱ ወደ ቤት ገባች። እማዬ መጀመሪያ ሩዙን፣ የተፈጨውን ቃሪያ፣ የአሳማውን ሥጋ አበላቻት። ከዚያ እንክብሉን። ከዚያ በረጅም እንጨት የሮቃውን ቅርንጫፍ መታ መታ አድርጋ አንድ ጥንድ ፍሬ ጣለችላት።

"እባቡስ?" አለች ሞን።

"ሄደ።"

"የት?"

"ሌላ ዛፍ አገኘ። ዝም ብለሽ ብዪ።"

ልጅሽ ስትመጠው ፊቷን እንዴት እንደጨማደደችው ብታዪ! አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ወጥቶ። "አክስቴ፣ ያማል" ትላለች፤ እጇን ግን ለሌላው ትዘረጋለች።

እስካሁን አዲስ እብጠት አልወጣም። የድሮዎቹ እየደረቁ እየወደቁ ነው፤ ጠባሳቸው ይቀራል። ትኩሳት የለም። ሲስተር ራቻኒ ገና ነው ትላለች፤ እንክብሉ ደሟ እስኪበረታ ይቀጥላል፣ ዝናቡም ገና አላለፈም። እኔም ገና ነው እላለሁ። ቶሎ ደስ የሚለው ሻጭ ቶሎ ይከስራል።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርሽ። ከትናንት በስቲያ ተራዬ ላይ ጨው ስመዝን ቡንሶም በክርኗ ጎሸመችኝ። "አንቺ! ወንዱን ልትመልሺላቸው ነው መሰል" አለችኝ። ቀና ስል እማዬ የሞንን ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ከፊቴ ቆማለች። በዓሣ ተራ አልዞረችም። እንደማታውቀኝ ሰው ገንቦዎቹን አንድ በአንድ አየች።

"ይህ መቼ የተቀመጠ ነው?"

"ዝናቡ ሲጀምር።"

"ከላይ ያለውን አይደለም። ከሥሩ አውጪልኝ።"

ከሥሩ አወጣሁላት። አንድ ቁራጭ አንስታ እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ነከሰች። ጥርሷ እንደ ድሮው አይደለም፤ ረጅም ጊዜ አኘከችው። ቡንሶም ቆዳውን መገልበጥ ትታ አየቻት።

"ጨው በዝቶበታል" አለች እማዬ። ምሳ ዕቃውን ዘርግታ፣ "ሙዪው" አለችኝ።

ሞላሁት።  ስትሄድ ከገንቦው ጀርባ ጎንበስ ብዬ የወደቀ ክዳን ስፈልግ ቆየሁ። የወደቀ ክዳን አልነበረም።

ላንቺ የላከችው መልእክት አለ፤ እንዳለችው ልጻፈው። "ያኔ በአራስነቷ ወር ሙሉ ስቆጣት ነው የከረምኩት። ትምጣና እንደገና እሳቱ ዳር አስቀምጣታለሁ። አሁን ምንም አልጠይቃትም በያት።" ይህን ስትል የማገዶውን ክምር እያየች ነበር። ዛሬ ጠዋት ሞን እንደነገረችኝ የጎረቤቱን ሰውዬ እንጨት አስፈልጣዋለች።

አንድ ነገር ደግሞ ላንቺ ትቼዋለሁ። ሞን የትኛው መድኃኒት ለምን እንደሆነ መጠየቅ ጀምራለች። "የቆዳው ከዳነ የደሙ ለምንድነው?" አለችኝ፤ እንዳንቺው ፊቴን አፍጥጣ እያየች። ሲስተር ራቻኒ ቀስ በቀስ፣ በልኳ መንገር ይቻላል፣ ከእናት አፍ ቢሆን ይሻላል ትላለች። ላንቺ ስል አንድ ጊዜ ዋሽቼልሻለሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሳልጠይቅሽ እውነቱን ተናግሬብሻለሁ። ይህን ግን አልነካብሽም። የአንቺ ነው። "እናትሽ ስትመጣ ትነግርሻለች" ብያታለሁ። "መቼ?" ስትለኝ ግን አፌ ላይ ቀን አልነበረኝም።

እንግዲህ ያለው ይኸው ነው። ተቆጪኝ፤ ስትጨርሺ ግን ትኬትሽን ቁረጪ። በዚህ ዝናብ የተቀመጠ አንድ ገንቦ ሳልከፍተው አቆይቼልሻለሁ፤ ጨውም ቀንሼለታለሁ። ከአውቶቡሱ ስትወርጂ እኔን ፈልገሽ ነይ። በዓሣ ተራ እንዳትዞሪ፤ በእኔ በኩል እለፊ።

እህትሽ
ሴንግላ